ዓመት ፈቃድን መሸጥና ሌሎች ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ማገልገል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከፈረቃ ወጥተው ሰርቪሱ ሳይነሣ በሬን የሚያንኳኩ ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። የምለው ሁሉ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደረውን የድርጅት ሠራተኛ ይመለከታል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ

ይህን ሳልናደድ መጻፍ አልችልም። በየዓመቱ ሐምሌ ሲደርስ «ጋሼ፣ ፈቃዴን ልሽጠው፣ ፈርሙልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። አንድ ጎበዝ የሽመና ክፍል ልጅ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሸጦ በአራተኛው ሲመጣ ወረቀቱን መለስኩበት፤ ተቀየመኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ይህን ፈቃድ እተዋለሁ ብሎ መስማማት ዋጋ የለውም፤ በፈቃድ ፈንታ ገንዘብ መስጠትም የተከለከለ ነው። ያልተወሰደ ፈቃድ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው።

«ገንዘቡ ይቅርብኝ እንዴ?» ይሉኛል። እስቲ እናስላው። ደመወዙ 5,200 ብር የሆነ ሠራተኛ ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 200 ብር ያገኛል። የ16 ቀን ዋጋ 3,200 ብር መሆኑ ነው። ፈቃድ ቢወጣም ደመወዙ እንደሆነ አይቀነስም። እሑድና በዓል ከ16ቱ ስለማይቆጠሩ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው ከሁለት ሳምንት ተኩል በላይ ቤቱ ይቆያል። ሰላሌ ወርዶ ለእናቱ እህል ማጨድ፣ ዓመት ሙሉ ሲያስተላልፈው የኖረውን ጥርሱን መታከም፣ በማታ ፈረቃ የተዛባ እንቅልፉን መመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ ነው በ3,200 ብር የሚሸጠው።

እኔም ሸጫለሁ። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ የአንድ ዓመት ሠራተኛ ነበርኩ። ለአባት የሚሰጥ ፈቃድ ያኔ በሕጉ አልነበረም፤ የዓመት ፈቃዴ ግን በጊዜው ሕግ 14 የሥራ ቀን ነበር። ለአራስ ቤት ወጪ ብዬ በገንዘብ ለወጥኩት። ባለቤቴ በኦፕሬሽን ወልዳ ግድግዳ እየተደገፈች ስትነሣ እኔ ማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ገንዘቡ ለልጄ የሰማንያ ቀን ክርስትና እንኳ አልደረሰም። አሁን ሕጉ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። የምትወልዱ ልጆች፣ እሱንም ዓመት ፈቃዳችሁንም አንድ ላይ ጠይቁ።

ፈቃድን ማጠራቀምም ያው ነው። ማስተላለፍ ይቻላል፣ ግን ከሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም።

ሽማግሌ ልኮ ጊዜ ማሳለፍ

ከፈትል ክፍል አንዲት ልጅ ጥር መጀመሪያ ላይ ተሰናበተች። ያለአግባብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ክስ ብከፍት ይቀየሙኛል» ብላ ሽማግሌ ላከች። «ጾሙ ይፈታና እንነጋገራለን» ተባሉ። ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲሄዱ «ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል» ተባሉ። ወደ እኔ የመጣችው በግንቦት ነው።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ደግሞ 6 ወር አለው። ስለዚህ ያልወሰደችውን የፈቃድ ገንዘብ አስከፈልን፤ ሥራዋን ግን ማስመለስ አልቻልንም። እርቅ ከክስ ጋር አይጣላም፤ ክሱ ተከፍቶም ሽማግሌ ይላካል፣ ከተስማማችሁ ክሱ ይዘጋል። አለቃ በቃል የሰጠውን ተስፋ ግን ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ማስረዳት ከባድ ነው። ልጆች፣ እባካችሁ የስንብት ደብዳቤ በደረሳችሁ በሳምንቱ ኑ።

ጠበል ሄዶ በሕመም ፈቃድ ማስቆጠር

በጠበል የዳነ ሰው አውቃለሁ፤ እምነታችሁን የምነካ እንዳይመስላችሁ። ነገር ግን የሕመም ፈቃድ የሚገኘው ዕውቅና ካለው የሕክምና ድርጅት በሚመጣ ማስረጃ ነው። እንጦጦ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ ያለፈቃድ ቀሪ ተብሎ ይጠብቀዋል። ለጠበል የምትሄዱ ዓመት ፈቃዳችሁን ሞልታችሁ ሂዱ። የታመማችሁ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ በቀራችሁ ማግስትም ለአሠሪው አሳውቁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው።

«ደብዳቤውን ካልተቀበልኩ አልተባረርኩም»

ተባርረሃል። አልቀበልም ካልክ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ 10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል፤ ይበቃል። ተቀበልና የተቀበልክበትን ቀን ጻፍበት።

«በጽሑፍ ውል የለኝም፣ መብት የለኝም»

የቃል ውልም ውል ነው። በጽሑፍ መሆን ያለበት የሙከራ ጊዜ ነው፤ እሱም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ለቅሶ ሁሉ በፈቃድ ይመስላቸዋል

ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጅ፣ ለልጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለራስ ጋብቻም እንዲሁ። የጎረቤትና የእድር ለቅሶ ግን በዚህ አይሸፈንም። ልዩና ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይሰጥም።

በቃል ፈቃድ ጠይቆ መሄድ

«ሱፐርቫይዘሩ ሂድ ብሎኛል» ብሎ አገር ቤት የወረደ ልጅ ሲመለስ ሱፐርቫይዘሩ ተቀይሮ ጠበቀው። ኅዳር ለአጨዳ የምትወርዱ ጥያቄያችሁን በመስከረም በሁለት ቅጂ አስገቡ፤ ተቀባዩ በእናንተ ቅጂ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ቅጂውን ቤት አስቀምጡት እንጂ ሎከር ውስጥ አትተዉት። ከሥራ የታገደ ሠራተኛ በማግስቱ ጥበቃው በር ላይ ይመልሰዋል፤ ሎከሩን ከፍቶ ወረቀቱን ማውጣት አይችልም።