ከማጠቢያ ገንዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ ለምን ይላጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት የረጠበ ግድግዳ ቀትር ላይ ደርቆ ይታያል። ሙቀቱ የሚያደርቀው ግን ላዩን ብቻ ነው፤ ከልስኑ ጀርባ ያለው ብሎኬት ውሃውን እንደያዘ ይቀራል። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ስቱኮ ያስመታል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ወራት ሳይቆይ ቀቢውን እንደገና ይጠራል። በእኔ እምነት የቀለም ሥራ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ።

ከገንዳው በላይ ተላጥቶ ከሥሩ ደረቅ ከሆነ

ይህ የሚረጭ ውሃ ሥራ ነው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ናት። የድሬዳዋ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ወንፊቷንም ይደፍናታል። ያኔ ውሃው ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ይረጫል። ወንፊቷን ፈትተው አቸቶ ውስጥ ያሳድሯትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዷት። አቸቶው የሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ ሲሚንቶውን ይበላዋል። ልብስ የሚታጠብበት ገንዳ ከሆነ ደግሞ ከጠርዙ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ሴራሚክ ያስለጥፉ።

ከገንዳው ሥር ወይም ከጎኑ እርጥብ ከሆነ

እዚህ ላይ መቸኮል ያከስራል፤ ምክንያቱ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነውና፦ ቧንቧው፣ ሲፎኑ ወይም የገንዳው ጠርዝ የታሸገበት ሲሊኮን። አካባቢውን በጨርቅ አድርቀው ገንዳውን ሳይጠቀሙ ያሳድሩ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ከሆነ ፈተናውን ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ያድርጉት፤ ባዶ መስመር አያፈስም። ጠዋት ረጥቦ ካገኙት ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ወይም መጋጠሚያው ያፈሳል ማለት ነው። ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶ ከሆነ ቆጣሪውን ማየት ያሳስታል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ወደ ሮቶው የሚገባውን ነው። ይልቅ የሮቶውን መግቢያ ዘግተው ማታና ጠዋት የውሃውን ከፍታ ያወዳድሩ።

ካልረጠበ ገንዳውን ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። አሁን ከረጠበ ችግሩ ሲፎኑ ነው፤ ጎሚኒውን መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አሁንም ደረቅ ከሆነ ገንዳውና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ በኩባያ ቀስ እያሉ ውሃ ያፍስሱ። በዚያ ከገባ ያረጀው ሲሊኮን ለቋል። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ግን ከንቱ ነው፤ ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ በደንብ አይዝም። አሮጌውን በምላጭ ፍቀው ያውጡ፣ ቦታውን በደንብ ያድርቁ፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ዓይነት ያስገቡና ለ24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት።

ነጭ ዱቄት ከወጣ

ይህ ውሃው ከግድግዳው አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። በውሃ አይጠቡት፣ ጨዉ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ማፍሰሱ ቆሞም ዱቄቱ ተመልሶ ከመጣ ግድግዳው ገና አልደረቀም።

ልስኑን መመለስ

የላላውን ልስን ከእርጥበቱ ወሰን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈው ብሎኬቱ እስኪታይ ያስነሱ፤ ከዚያ ሳምንታት ይጠብቁ። ለመድረቁ ማረጋገጫ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ግድግዳው ላይ አንድ ቀን ይለጥፉ፤ በግድግዳው በኩል ጤዛ ከያዘ ጊዜው ገና ነው። ሲደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ያስለስኑ። ለዚህ ቦታ ጄሶ አይሆንም፣ ውሃ ሲነካው ይላላል። አዲሱን ልስን በዚህ ፀሐይ ለሳምንት ያህል ውሃ ካላጠጡት ይሰነጠቃል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ደግሞ እርጥበቱን ያፍናል፤ ቀለሙም እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይነሳል።

ቤትዎ ሐረር ጀጎል ውስጥ ካሉት የድንጋይና የጭቃ ቤቶች ከሆነ የሲሚንቶውን ምክር ይተዉት። እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበቱን በላዩ እያስተነፈሰ የሚኖር ነው፤ ሲሚንቶ ሲለብስ ውሃው ውስጥ ይቀርና ጭቃውን ያላላዋል። እዚያ በኖራ ማስለሰን፣ ገንዳውንም ከግድግዳው ጥቂት አርቆ በራሱ እግር ማቆም ይሻላል።