በሀዋሳ የመጀመሪያውን የሮክ አልበም መቅረጽ፦ ሥራው ከድምፃዊቷ ይጀምራል

በሴት ድምፃዊት የሚመራ ወጣት የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲሠራ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ማይክ ሳይከፈት ነው። ጊታሪስቱ ለእጁ የሚመቸውን ኪይ (ዘፈኑ የሚያርፍበትን መነሻ ኖታ)፣ ብዙ ጊዜ ሚ ወይም ላ፣ ይመርጣል፤ ባንዱ በዚያው ያጠናል፤ ድምፃዊቷም እንደምንም ትለምደዋለች። በጥናት ቤት ጩኸት መሃል ችግሩ አይታወቅም። ቀረጻ ላይ ግን የዘፈኑ መግቢያ ከድምፅዋ በታች ወርዶ ይጠፋል፣ አዝማቹ ላይ ደግሞ ጉሮሮዋ ይታነቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኪይ። የአዝማቹን ከፍተኛ ሐረግ ያለ ጊታር፣ በመድረክ ጉልበት፣ 5 ጊዜ አከታትላ ትዝፈነው። በ5ኛው ላይ ድምፁ ከተሰነጠቀ ግማሽ ድምፅ (በጊታር አንድ ፍሬት ያህል) አውርዱና እንደገና ሞክሩ። ትክክለኛው ቦታ ከፍተኛው ኖታ ከድምፅዋ ጣሪያ አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲል ነው። ከዚያ ዝቅተኛውን ሐረግ ድራም እየተመታ ትሞክረው። ላዩ ሲስማማ ታቹ የማይሰማ ከሆነ የዜማው ስፋት ከአቅሟ በላይ ነውና ዜማውን አስተካክሉ፤ እሷን አታስጨንቁ። ኪዩ ሚ ፍላት ላይ ካረፈ የጊታሩንም የቤዙንም ክሮች በሙሉ አላልታችሁ በግማሽ ድምፅ አውርዱ። ፋ ሻርፕ ወይም ሶል ላይ ካረፈ የሚ አያያዝ ሳይቀየር ካፖ (ክሮቹን በሙሉ የሚጫን መቆንጠጫ) በ2ኛው ወይም በ3ኛው ፍሬት ላይ ይታሰራል።

በቅኝት የምትዘፍን ከሆነ ጊታሩ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አምባሰልን ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሙሉ የዶ ሜጀር ኮርድ ብትመቱ በቅኝቱ ውስጥ የሌለውን ሚ ታስገባላችሁ፤ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በሚያሻክረው ኢፌክት) ደግሞ ግጭቱ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ፓወር ኮርድ (መነሻውንና 5ኛውን ኖታ ብቻ የያዘ ኮርድ) ይሻላል፣ ግን ሁሉም አይደለም። በዶ፣ በሬ ፍላት እና በፋ ላይ የሚመሠረቱት ሦስቱ ሙሉ በሙሉ በቅኝቱ ውስጥ ናቸው። የሶሉ ሬን፣ የላ ፍላቱ ደግሞ ሚ ፍላትን ከውጭ ያመጣሉ። አውቃችሁ ብትጠቀሙባቸው መልካም ነው፤ ሳታውቁ ከሆነ ግን ድምፃዊቷ የሳተች ይመስላል፣ ጥፋቱም በእሷ ይላከካል።

ግጥሙንም ጮክ ብላችሁ ያለ ዜማ አንብቡት። የሚጠብቅ ፊደል አጭር ኖታ ላይ ወድቆ ከላላ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ይህ ከቀረጻ በኋላ የሚታረም ነገር አይደለም።

ጊዜና ቤት አንድ ላይ ይታሰባሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀረጽ ነገር የለም፤ ዝናቡ ድራሙን ሳይቀር ያሸንፈዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል። በታኅሣሥ 19 ሰሞን ግን ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ዝለሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶዎች (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው የሚወስኑት ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ በዓሉ ለሚከበርበት ለጉዱማሌ ቅርብ ከሆነ የበዓሉ ሰሞን ለሥራ አይሆንም። ከአስፋልት ራቅ ያለ፣ ባጃጅ የማይመላለስበት ግቢ ፈልጉ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲሞቅ፣ አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ለስላሳ ዘፈን በእነዚህ ሰዓቶች አትቅረጹ። ረፋዱ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው፣ ለድምፅ ጥሩ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ሴት አባላት በሌሊት የሚሠሩ ከሆነ ግን ማን እንደሚሸኛቸው ቀረጻው ሳይጀመር ይወሰን፤ ቤተሰብም ይወቅ።

4 በ4 የሆነ የብሎኬት ክፍል ለሮክ መጥፎ ነው። በ4 ሜትር ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ ገደማ ያለው ድምፅ ይረባበሻል፤ ርዝመትና ወርዱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይደራረባል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ስለሆነ ያቺ ኖታ ብቻ ክፍሉን ትሞላለች። 3 በ5 የሆነ ክፍል ካገኛችሁ እሱን ያዙ። አጨብጭቡ፤ እንደ ብረት የሚንጫረር ማሚቶ ከሰማችሁ ትይዩ ከሆኑት ግድግዳዎች በአንዱ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ አቁሙ፣ በድራሙ ሥር ምንጣፍ፣ በመስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድካም ብቻ ነው፤ የጎረቤትን ድምፅም ሆነ ቤዙን አይዝም።

ስለ መብራት አንድ ነገር በጥብቅ እንናገራለን። ጊታሩ እያጉረመረመ ክሩን ስትነኩት ዝም የሚል ከሆነ መጀመሪያ ቤቱ የመሬት ሽቦ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ይፈትሽ። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ጊታር የያዘች ድምፃዊት ከንፈሯ ማይኩን ሲነካ በኤሌክትሪክ ልትመታ ትችላለች። አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ)፣ ሳውንድ ካርዱን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ዕቃ) እና ኮምፒውተሩን ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ፤ ጉርምርምታን ለመቀነስ ብላችሁ የመሬት ሽቦውን በፍጹም አትቁረጡ። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ የቻርጀሩ ጩኸት ይጠፋል፤ መብራት ቢሄድም የተቀረጸው ይተርፋል። በየማታው ፋይሉን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ዲስኩም ከዚያ ቤት ይውጣ።

ባለ 8 መግቢያ ሳውንድ ካርድ ጥሩ ነው፤ ባለ 4ም ይበቃል። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ቅረጹ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዲሲቤል መካከል ይሁን። ለድራም አንድ ማይክ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ውስጥ፣ አንድ ስኔር (መሃል ያለው ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) ላይ፣ ሁለት ከላይ። የላይኞቹ ከስኔሩ መሃል እኩል መራቃቸውን በሲባጎ ለኩ፤ 1 ሜትር ገደማ ይበቃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የ34 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የ1 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፣ ስኔሩም ቀጥኖ ይሰማል። በ6/8 ለሚሄድ ዘፈን ክሊኩን (በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን የምት ቆጣሪ) በሁለቱ ዋና ምቶች ላይ ብቻ አድርጉት። በስድስቱም ላይ ከሆነ ድራመሩ ማሽኑን ተከትሎ ውዝዋዜውን ያጣል።

ቤዙን በቀጥታ በኬብል አስገቡ፤ ያ ያስቸገረ ክፍል አይነካውም። ጊታር ላይ ዲስቶርሽኑን መድረክ ላይ ከለመዳችሁት በሩብ ያህል ቀንሱ። ሹር ኤስኤም 57 ወይም ተመሳሳይ ዳይናሚክ ማይክ ከአምፑ ፊት በ3 ሳንቲ ሜትር፣ ከስፒከሩ መሃል ወደ ጠርዙ ፈንጠር አድርጉ። ሪትሙን ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስቀምጡ። አንዱን ቀረጻ ኮፒ ማድረግ ስፋት አይሰጥም፤ መሃል ላይ ተመልሶ ይከመራል፣ ድምፃዊቷም ቦታ ታጣለች።

ወደ እሷ ስንመጣ፦ ለድምፅ ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ዳይናሚክ ማይክ ከርካሽ ኮንደንሰር (ደቃቅ ድምፅ ከሚለቅመው የማይክ ዓይነት) ይሻላል፤ የክፍሉን ማሚቶ አይለቃቅምም። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለጩኸት 40። በክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ ናይለን ካልሲ የ«በ» እና የ«ፐ»ን ትንፋሽ ያቆማል። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ግን በትንፋሽ ሳይሆን በፍንዳታ የሚመጡ ስለሆኑ ካልሲው አይረዳቸውም፤ ማይኩን ከአፏ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ። በቀን ከሁለት ዘፈን በላይ አትቅረጹ፤ ጩኸት የሚበዛበት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሦስት ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፤ ከዚያ የጎደሉትን ሐረጎች ብቻ። ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት ቀራጩና እሷ የመረጠችው አንድ ሰው ናቸው። አምስት ሰው አስተያየት ሲሰጣት ድፍረቱ ያልቃል፤ ይህ ከማይክ ምርጫ ይበልጣል።

ሚክስ ላይ (የተቀረጹት ድምፆች ሲመጣጠኑ) ድምፅዋ ከጊታር ሥር ከተደበቀ ከፍ አታድርጉት። ከጊታሮቹ ላይ በ2 እና በ4 ኪሎ ኸርዝ መካከል ከ2 እስከ 3 ዲሲቤል ቀንሱ፤ የግጥሙ ጥራት ያለው እዚያ ነው። የሴት ድምፅ መሠረት ከ160 ኸርዝ በታች እምብዛም ስለማይወርድ ከ100 በታች ያለውን መቁረጥ አይጎዳትም። ኦቶቱን (የሳተ ኖታ የሚያቃና ፕሮግራም) የግድ ከሆነ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ ስጡት፣ ፍጥነቱንም አዘግዩ፤ አለዚያ የዜማውን ጌጥ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያስተካክለዋል። ውጤቱን በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫና በባጃጅ ስፒከር ስሙት። ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) ከመጠን በላይ አታስጩኹ፤ ስፖቲፋይን የመሰሉ መድረኮች ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይመልሱታል፣ የሚቀረው መጨፍለቁ ብቻ ነው።

ከ8 እስከ 10 ዘፈን፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ ይበቃል። የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ድርሻ በጽሑፍ ተፈርሞ በእያንዳንዱ አባል እጅ ይግባ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ የከዋኟንም መብት ያውቃል፤ ስለዚህ ድምፃዊቷ ግጥም ባትጽፍም ከስምምነቱ ውጭ አትሆንም። ዘፈኖቹን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ ለሚያደርሰው አከፋፋይ የምትልኩት ሽፋን 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን። የባንዱን ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስናችሁ በሁሉም ቦታ በዚያው ጻፉ፤ አንድ ፊደል ከተለየ ዘፈኖቹ በሁለት አርቲስት ገጽ ይበተናሉ። ከሚወጣበት ቀን 4 ሳምንት ቀድማችሁ ጫኑት።