ከወንዝ መረብ ተነስተው ፍሰትን ሲገምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስፋትን ብቻ ማየት። ሁለት ተፋሰሶች በስፋትም በዝናብም እኩል ሆነው ጎርፋቸው በጣም ሊለያይ ይችላል። ክብ በሚመስለው ተፋሰስ ብዙዎቹ ገባሮች ከመውጫው ተቀራራቢ ርቀት ላይ ስለሚነሱ ውሃቸው በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ጎርፉ ቶሎ ከፍ ብሎ ቶሎ ይወርዳል። ረጅምና ጠባብ በሆነው ግን ገባሮቹ ዋናውን ወንዝ በየተራ ስለሚቀላቀሉ ፍሰቱ ዝቅ ብሎ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። መለኪያ ለሌለው ቦታ ከሌላ ጣቢያ የተገኘን ፍሰት በስፋቶቹ ጥምርታ ማባዛት ለዓመታዊ አማካይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለከፍተኛ ጎርፍ ግን የጥምርታው አርቢ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ያንሳል፤ ተፋሰሱ ሲሰፋ አንድ ዝናብ ሁሉንም አይሸፍንም፣ ጎርፉም እየተጓዘ ይረግባል።

የገባሮችን ከፍተኛ ፍሰት መደመር። አንዱ ገባር በሰከንድ 80፣ ሌላው 50 ሜትር ኩብ ቢያመጣ ድምሩ 130 የሚሆነው የሁለቱ ከፍተኛ ፍሰት በተመሳሳይ ጊዜ ከተገናኘ ብቻ ነው። የመድረሻ ሰዓቱን ሲያሰሉ ደግሞ የውሃውን ፍጥነት አይጠቀሙ፤ የጎርፍ ማዕበል ከውሃው ይፈጥናል። በሰፊ ቦይ ውስጥ 1.67 እጥፍ ገደማ ነው። ውሃው በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢሄድ ማዕበሉ 2 ሜትር ይጓዛል፤ 36 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ይጨርሳል። በውሃው ፍጥነት ቢሰላ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወጣ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ከተኛ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ማዕበሉ ይዘገያል። የቀን አማካይ መረጃም ይህን ሁሉ ስለሚደብቅ የሰዓት መረጃ ይፈልጉ።

የላይኛውን ጣቢያ ከታችኛው ቀንሶ በመካከል የገባውን ውሃ ማወቅ ቀላል ይመስላል። ታች በሰከንድ 100፣ ላይ 92 ሜትር ኩብ ተለክቶ እያንዳንዱ ልኬት 5 በመቶ ስህተት ቢኖረው፣ ልዩነቱ 8 ሲሆን የስህተቱ መጠን 7 ይጠጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ባይጠቀሙበት ይሻላል።

መለኪያ ለሌለው ቦታ በአየር ርቀት የቅርቡን ጣቢያ መምረጥም ያሳስታል። ከሸንተረሩ ማዶ ካለው ጣቢያ ይልቅ በዚያው ወንዝ ላይ ራቅ ብሎ የሚገኘው ቦታውን ይበልጥ ሊመስል ይችላል፤ የሚለካው ውሃ በከፊል አንድ ነውና።

በመጨረሻ፣ ጅረቶቹ ከዲጂታል የከፍታ ካርታ የወጡ ከሆነ መነሻቸውን የሚወስነው የመረጡት ገደብ ነው፤ ይኸውም ውሃው ወደ አንድ ነጥብ የሚፈስበት መሬት ምን ያህል ሲሆን ጅረት ተብሎ እንደሚቆጠር ነው። 1,000 ፒክስል እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሜትር በሆነ ካርታ 0.9፣ በ10 ሜትር ካርታ 0.1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ገደቡን በፒክስል ሳይሆን በስፋት ካላስቀመጡ፣ ወደ ደቃቁ ካርታ ሲሸጋገሩ መሬቱ ሳይለወጥ የጅረቶቹ ርዝመትና ደረጃ (ገባሮች ሲገናኙ እየጨመረ የሚሄደው ቁጥር) ያድጋል። ጅረቶቹ በትክክል የት እንደሚጀምሩ በአየር ፎቶ ወይም በመስክ ያረጋግጡ።