የፊልም ካሜራ ይዞ ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ፦ የቀን ጉዞን በአንድ ጥቅል ፊልም እንዴት ማንሳት ይቻላል

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በፊልም ካሜራ ፎቶ ማንሳት ደስ የሚል ነገር ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዞ እንጦጦ መውጣት፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ መድረስ፣ ወይም በአምቦ መንገድ ወደ መናገሻ ጫካ መሄድ ይበቃል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

እኔ የጀመርኩት በአጎቴ ዜኒት ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ካሜራ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ፊልም እያበላሸሁ የተማርኩት ነው።

ካሜራው

ቤት ውስጥ ካሜራ ካለ በእሱ ጀምሩ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዜኒት ያላቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ልትገዙ ከሆነ ግን ለጀማሪ የምመክረው ፔንታክስ ኬ1000ን ነው። ከ1976 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ሁሉም ነገሩ በእጅ የሚስተካከል ጠንካራ ካሜራ ነው። ባትሪው ቢያልቅ እንኳን ፎቶ ያነሳል። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ማጥፊያ ስለሌለው ግን ሌንሱን ካልከደናችሁት ቦርሳ ውስጥም ባትሪውን ይበላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ በሩን ክፈቱና እያንዳንዱ የመጋረጃ ፍጥነት ላይ አድርጋችሁ ቀጭ አድርጉት። መጋረጃው፣ ማለትም ወደ ፊልሙ ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍል፣ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይናችሁ እዩ። በጣት ግን አትንኩት። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ከሆነ ብርሃን ስለሚያስገባ መቀየር አለበት።

ፊልሙ

36 ፎቶ የሚያነሳ፣ 200 የሚል (ቁጥሩ ሲጨምር ፊልሙ ባነሰ ብርሃን ያነሳል) ባለቀለም ፊልም ለእንጦጦና ለሱሉልታ ፀሐይ በቂ ነው። መናገሻ ጫካ የምትገቡ ከሆነ 400 ያዙ። ትልልቆቹ ጽዶች ሥር ቀንም ቢሆን ጨለማ ነው። ፊልም ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ንገሩት። ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የሚያልፍበት ራጅ ፊልም ያበላሻል። ጊዜው ያለፈበት ፊልም ካገኛችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ለእያንዳንዱ ያለፈ አሥር ዓመት ብርሃኑን እጥፍ ስጡት።

ፊልም መጫን

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ምክንያቱም ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዓመት በመስቀል ማግስት እናቴንና ከደብረ ብርሃን የመጣችውን እህቷን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ላይ ከተነሱ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ባህር ዛፉ መሀል፣ ከተማውን ወደ ታች እያዩ፣ አደይ አበባ ይዘው፣ ሠላሳ ስድስቱንም አነሳኋቸው። ቆጣሪው 36 ላይ ደረሰ። እኔ ግን ፎቶ ማንሳቴን ቀጠልኩ፤ 37፣ 38፣ 39። ፊልሙ ረዘም ያለ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሳምንት ቆይቼ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ያጠቡልኝ አባት ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘርግተው አሳዩኝ። ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ነው። አንድም ምስል የለበትም።

«ልጄ፣ ይሄ ፊልም ካሜራው ውስጥ አልሄደም» አሉኝ።

ከዚያ በጣታቸው የፊልሙን ጠርዝ ጠቆሙኝ። በትንንሽ ጽሑፍ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ መጨረሻው ቁጥር ይነበባል። ቁጥሮቹ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው፤ ፊልሙ ሲታጠብ ነው የሚወጡት። ቁጥሩ ካለና ምስሉ ከሌለ አጠባው ደህና ነው፤ ፊልሙ ብርሃን አላየም ማለት ነው። ቁጥሩም ምስሉም ከሌለ ጥፋቱ አጠባው ላይ ነው። ነጋቲቩ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ደግሞ ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሏል። ይህንን ከእሳቸው ተማርኩ። የእናቴና የአክስቴ ፎቶ ግን የለም።

የሆነው ይህ ነው። የፊልሙ ምላስ፣ ማለትም ወደ ውጭ የወጣው ጫፉ፣ መጠቅለያው ዘንግ ላይ በደንብ አልተያዘም ነበር። ፊልሙን የሚያሳልፈውን እጀታ በሳብኩ ቁጥር ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፤ ፊልሙ ቀፎው (ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ቆርቆሮ) ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ካሜራው ግን ቀጭ ይላል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። ከውጭ ሲታይ ምንም ችግር የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፊልም የምትጭኑት ከጉዞው በፊት ባለው ማታ፣ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ታክሲ ውስጥ እየተንገጫገጫችሁ አትሞክሩት። መንገድ ላይ መቀየር ካለባችሁ ጥላ ፈልጉ፤ ጥላ ከሌለ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በራሳችሁ ጥላ ሥር ሥሩ።

ቀፎውን በግራ በኩል አስገቡ። ምላሱን ወደ ቀኝ ሳቡና ጫፉን ዘንጉ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ክተቱት። ለይስሙላ ሳይሆን ጠለቅ አድርጋችሁ። አሁን በሩን ሳትዘጉ እጀታውን አንዴ ሳቡ፣ ቀጭ አድርጉ። ፊልሙ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ማየት አለባችሁ። የፊልሙ ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም በጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን እዩ። በአንድ በኩል ብቻ ከያዘ ፊልሙ ይጣመምና መሀል ላይ ይቀደዳል። ይህን ስታደርጉ አራት ሴንቲሜትር ገደማ ፊልም ይባክናል። ይባክን። እኔ ሠላሳ ስድስት አባክኛለሁ።

በሩን ዝጉ። በግራ በኩል ከላይ ያለውን፣ ፊልሙን ወደ ኋላ የሚጠቀልለውን ቁልፍ በቀስታ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አዙሩት። ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ሲቆም ተዉት፤ አታስገድዱት። በዚህ ፊልሙ ተወጠረ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እጀታውን ስትስቡ ዓይናችሁ ያ የግራው ቁልፍ ላይ ይሁን። ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ እየሄደ አይደለም፤ በሩን ከፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። እኔ አሁን በየአምስት ፎቶው አንዴ አየዋለሁ። ቆጣሪውን አላምነውም። እንደ እኔው ያለ ዜኒት ኢ ላይ ቆጣሪውን ራሳችሁ በእጅ ወደ ዜሮ ካልመለሳችሁት ካለፈው ፊልም ቁጥር ነው የሚቀጥለው።

ብርሃኑን መለካት

የዜኒት ኢ ብርሃን መለኪያ ከሌንሱ በላይ ያለው ጉብጉብ ያለ መስታወት ነው። ሴሊኒየም ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ በዕድሜ ብዛት ግን ይደክማል። የእኔው ሞቷል። ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያ አለ፣ ጥሩም ነው። እኔ ግን አልወደውም። ስልክ አንዴ ከኪስ ከወጣ መልእክት ማየት ይመጣል፣ የፊታችሁ ነገር ያመልጣል።

በፀሐይ መለካትን ተለማመዱ። ጥላችሁ መሬት ላይ ጥርት ብሎ ከታየ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 16፣ ፍጥነቱ ከፊልሙ ቁጥር ጋር የሚቀራረበው ነው። ለ200 ፊልም 250 (የሰከንድ 1/250ኛ) ላይ አድርጉ። የጥላው ጠርዝ ከደበዘዘ 11። ጥላው በጭንቅ ከታየ 8። ጭራሽ ከሌለ 5.6። ዛፍ ወይም ግንብ ጥላ ሥር ላለ ሰው 4። በቃ ይኸው ነው። ከተጠራጠራችሁ ብርሃን ጨምሩ እንጂ አትቀንሱ። ባለቀለም ነጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ ሲያንሰው ግን ጭቃ ይመስላል።

እኛ ሀገር ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እሱም ነጠላ ነው። ነጭ ነጠላ የተከናነበ ሰው ስታነሱ የካሜራው መለኪያ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ይላል። እሱን ካመናችሁት ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዓይኑ አይታይም። ስለዚህ ለፊቱ ለኩ። መለኪያችሁ የሚሠራ ከሆነ ቀረብ ብላችሁ ፊቱ ላይ ብቻ አንብቡ። በፀሐይ የምትለኩ ከሆነ፣ ፊቱ በነጠላው ጥላ ውስጥ እስካለ ድረስ ከ16 ወደ 8 ክፈቱ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰውየውን በትሕትና ጥላ ውስጥ እንዲቀመጥ መጠየቅ ነው። ያኔ ነጠላውም ፊቱም በአንድ ብርሃን ይሆናሉ።

ዜኒት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ አፐርቸሩን በራሱ አይዘጋም። 2 ላይ ከፍታችሁ ታጠራላችሁ፣ ከዚያ ቀለበቱን በእጃችሁ አዙራችሁ ወደ መረጣችሁት ቁጥር ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ታነሳላችሁ። መሀሉን ከረሳችሁት ፎቶው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ «ክፈት፣ አጥራ፣ ዝጋ፣ አንሳ» እያልኩ በለሆሳስ እቆጥራለሁ። አሁንም ድረስ።

መቼና የት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ያን ጊዜ ምሳ ብሉ።

እንጦጦ ጠዋት ጥሩ ነው። ጨረሩ በባህር ዛፎቹ መሀል ተሰንጥቆ ሲገባ፣ የማገዶ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ፣ ከታች ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ። እንጦጦ ማርያም አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ቦታ ነው፤ ግቢው ውስጥ ለማንሳት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሱሉልታን በመስከረም ሂዱ። ሜዳው ቢጫ በቢጫ ነው። ንፋሱ ግን ብርድ አለው፣ ጃኬት ያዙ። አቧራ ባለበት መንገድ ዳር ሌንስ አትቀይሩ።

ወታደራዊ ካምፕ፣ የቴሌ ማማ፣ ግድብ አታንሱ። ትልቅ ካሜራ ዓይን ይስባል። ጥበቃ ከጠየቃችሁ ተረጋግታችሁ መልሱ፣ «አታንሳ» ካለ አታንሱ።

ቅጠል የተሸከመችን ሴት ከሩቅ በስርቆት አንስቶ መሄድን በጣም እቃወማለሁ። ሸክሙ ከብዷታል፣ እናንተ ደግሞ ተንፈላሳችሁ ነው የመጣችሁት። ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ እምቢ ካለች እለፉ።

መጨረስና ማሳጠብ

ፊልሙ ሲያልቅ እጀታው አልሳብ ይላል። አታስገድዱት። በሩንም አትክፈቱ። መጀመሪያ ፊልሙ ወደ ኋላ እንዲጠቀለል የሚለቀውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዚያ በግራው ቁልፍ ወደ ኋላ ጠቅልሉ። ሲጠቀለል ክብደት ይሰማችኋል። በመጨረሻ ትንሽ ይጠብቅና ድንገት ይቀላል። ከቀለለ በኋላም ሁለቴ ሦስቴ አዙሩና በሩን ክፈቱ።

ፎቶ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት የፊልም አጠባ አሁንም እዚያው እንደሚሠሩና ኬሚካሉን በቅርብ እንደቀየሩት ጠይቁ። ነጋቲቩን መቀበል አትርሱ። ስካን አድርገው ፎቶውን በስልክ ይልኩላችሁና ነጋቲቩ እዚያ ይቀራል። ነጋቲቩ ነው ዋናው። ፖስታ ውስጥ ከታችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት።

ከዚያ ጥቂቶቹን በወረቀት አሳትሙ፤ ላነሳችኋቸው ሰዎች የሚሰጥ።

ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ማርያም አጥር ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት አነሳሁ። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው «ታመጣልኛለህ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ጥላ ውስጥ ነበሩ፤ አፐርቸሩን 4 ላይ አደረግኩ። ሁለት እሁድ ሄጄ አጣኋቸው። በሦስተኛው እዚያው ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ፎቶውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት።

«ፊቴ ይታያል እኮ» አሉ፣ እና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።