ዘጌ ያለችን እናት የደም ግፊት ከባሕር ዳር ሆኖ እንዴት መከታተል ይቻላል?

እናቴ ዘጌ፣ እኔ ባሕር ዳር። መሃላችን ጣና ነው። ግፊት ለመለካት ብቻ ጀልባ መሳፈሩ ሲሰለቻት መለኪያ ገዛሁላት። አሁን ቁጥሩ በስልክ ይመጣልኛል፤ እኔ ለሐኪሟ አደርሳለሁ።

መጀመሪያ ሐኪሙን አናግሩ። ቁጥሩን ማን ይቀበላል? በቴሌግራም ነው በስልክ? ስንት ሲሆን ይደወላል? የሚያየው ሰው ከሌለ መለካቱ ልፋት ብቻ ነው።

መለኪያው ላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን። አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የክንዷን ዙሪያ ሳትለኩ አትግዙ፤ ብዙዎቹ ማሰሪያዎች ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ናቸው። የጠበበ ማሰሪያ የሌለ ግፊት ያሳያል። ትርፍ የባትሪ ድንጋይም ግዙ።

ዋናው ጣጣ አቀማመጡ ነው። ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡና የለም። ለዘጌ ሰው ይሄ ከባድ ፍርድ ነው! እኛ ቤት መጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ አቦል ተባብለናል። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ጥሩ ነው። ከዚያ ጀርባን አስደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። በርጩማ አይሆንም፣ መደገፊያ የለውም። እግር አይነባበርም። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ። ማሰሪያው ከክርን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ሲለካ ወሬ የለም። እናቴ የጎረቤት ሰላምታ አለመመለስ ነውር ስለሚሆንባት በሩን ትዘጋለች።

ጠዋት መድኃኒት ሳይወሰድ፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት፣ ሁለት ሁለቴ በ1 ደቂቃ ልዩነት ለ7 ቀን ይለካ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ቁጥሩ ወረደ ብሎ ግን መድኃኒት ማቆም የለም።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። እናቴ «በ7 ሰዓት የተለካ» ስትለኝ ከምሳ በኋላ መስሎኝ ነበር። ለካ መለኪያው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ማለቷ ነው። አሁን ደብተሯ ላይ «ጠዋት» እና «ማታ» ብላ ትጽፋለች። ኔትወርክ ቢጠፋም ደብተሩ አለ፤ ሲመለስ ፎቶ አንስታ ትልካለች።

ላይኛው ቁጥር 180 ወይም ታችኛው 120 ካለፈ ጥቂት ደቂቃ አርፋ ትድገመው። ካልወረደ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን መልእክት መላላክ የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል። ሌሊት የማን መኪና ወይም የማን ጀልባ እንደሚነሳ ዛሬውኑ ተነጋገሩ።