ሚኒባሱ 43 ሰከንድ ፈጀ? ስህተቱ የት ነው?

መኪና የተወሰነ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ማስላት አጭር ነው። የፍጥነቱን ለውጥ በመጠነ ቁሱ (በኪሎው) ታባዛላችሁ፣ ለጉልበቱ ታካፍላላችሁ፣ ጊዜው ይወጣል። ሰው ጢም ብሎ 2400 ኪሎ የሆነ ሚኒባስ እንውሰድ። ጎማው በ4000 ኒውተን (ኒውተን የጉልበት መለኪያ ነው) ወደፊት ይገፋዋል፤ ሰበቃና ነፋስ ደግሞ 1000 ኒውተን ይይዙታል። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 12 ሰከንድ ይበቃዋል። እናንተ ጋ ሌላ ቁጥር ወጣ?

43 ከሆነ፣ 54ን እንዳለ ከታችሁታል። ኒውተን የሚግባባው ከሜትር በሰከንድ ጋር ነው። ለ3.6 አካፍሉት፣ 15 ይሆናል። እኔም ስንት ጊዜ የወደቅሁበት ጉድጓድ ነው።

9 ከሆነ ሰበቃውን ረስታችኋል። የሚያካፍለው የተጣራው ጉልበት ነው፤ 4000 ሲቀነስ 1000፣ 3000።

118 አካባቢ ከመጣ፣ ጥያቄው ክብደቱን በኒውተን 23,520 ብሎ ሰጥቷችሁ እናንተ እንደ ኪሎ ቆጥራችሁታል። መጀመሪያ ለ9.8፣ ለመሬት ስበት ቁጥር፣ አካፍሉት።

ሚኒባሱ ቀድሞም እየሄደ ከነበረ መነሻ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ በቃ።

መልሱ ኔጋቲቭ ወጣ? አትደንግጡ፣ ዳገቱን እዩ። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 13 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ የመኪናው ክብደት ብቻውን ከ3000 ኒውተን በላይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሂሳቡ ልክ ነው፤ የማይነሳው ሚኒባሱ ነው። ወይ ተሳፋሪ ይውረድ፣ ወይ ረዳቱ ይግፋ።

አስቸጋሪው ግን ሌላ ነው። ሁሉን አስተካክላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ስትለኩ አይገጥምም። ምክንያቱ ማርሽ ነው። ማርሹ ከፍ ሲል ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል። የተጣራው ጉልበት እስከ 5 ሜትር በሰከንድ 6000፣ ከዚያ እስከ 10 ድረስ 3000፣ እስከ 15 ደግሞ 1500 ነው እንበል። ብዙ ሰው የሦስቱን አማካይ 3500 ይይዝና 10.3 ሰከንድ ያገኛል። ስህተት ነው። በየማርሹ ቆራርጣችሁ ስሩት፦ 2፣ 4 እና 8፤ ድምሩ 14። ሚኒባሱ ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው ጉልበቱ ደከም ባለበት ማርሽ ላይ ነው፤ ተራው አማካይ ግን ሦስቱንም እኩል ይቆጥራቸዋል።