አንድ ግኝት የማይቀር ነበር ወይስ አጋጣሚ? እንዴት ይመረመራል

«ኒውተን ባይወለድ ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ይኖር ነበር ወይ?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የሚያጣው አራት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ስለሚያስር ነው። መጀመሪያ አንድ ግኝት ብቻ ምረጡና ለያዩት፦ ነገሩ መገኘቱ፣ የተገኘበት ጊዜ፣ ያገኘው ሰው፣ የተገለጸበት መልክ። መልሱ ለአራቱም አንድ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቀጥሎ ግኝቱ ካለ እነሱ የማይሆንባቸውን መሣሪያዎችና ዕውቀቶች ከነዓመታቸው ዘርዝሩ። ለኤክስሬይ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ኮይል፣ አየርን አጥርቶ የሚመጥ ፓምፕና የክሩክስ ቱቦ (አየሩ ተመጥጦ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የመስታወት ቱቦ) ያስፈልጉ ነበር፤ ሦስቱም በ1870ዎቹ መጨረሻ ተሟልተዋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ጨረሩን ያየው ግን ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ይህ የ15 ዓመት ያህል ክፍተት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የት መቆፈር እንዳለባችሁ ይጠቁማል።

በክፍተቱ ውስጥ አይተው ያለፉትን ፈልጉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ የፊዚክስ መምህሩ ጉድስፒድ በ1890 የክብ ነገሮች ጥላ ያረፈበት የፎቶ ሰሌዳ ነበረው፤ ምን እንደሆነ የገባው ግን የሮንትገን ዜና ከተሰማ በኋላ ነው። ጨረሩ በየላቦራቶሪው ይወጣ ስለነበር ሮንትገን ባይኖር ሌላ ሰው ይደርስበት ነበር። አጋጣሚ የሆኑት ቀኑና ስሙ ናቸው።

ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲያገኙ «የማይቀር ነበር» ለማለት አትቸኩሉ። የጋራ ምንጭ እንዳላቸው አጣሩ፦ ደብዳቤ፣ መምህር፣ መጽሐፍ። የዳርዊንና የዋላስ የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ በ1858 ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ቀርቧል፤ ሁለቱም ግን ማልተስ ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈውን አንብበው ነበር። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ምስክር አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ያገኙት በእርግጥ አንድ ነገር መሆኑንም አረጋግጡ። ፕሪስትሊ በ1774 ኦክስጅንን ቢያወጣም የተረዳው በፍሎጂስተን ንድፈ ሐሳብ (ነገር ሲቃጠል ፍሎጂስተን የሚባል ነገር ይወጣል በሚለው የድሮ አስተሳሰብ) ነው፤ ንጥረ ነገር መሆኑን ያስረዳው ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚዬ ነው። ጋዙ አንድ ሆኖ ሳለ መልኩ ተለያየ።

ከባዱ ደረጃ የጥያቄውን ስፋት መወሰን ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታ ያረፈበት ሳህን ባያጋጥመውስ? የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪና ቼይን በፔኒሲሊን ሥራቸውን የጀመሩት የ1929 ጽሑፉን ተመርኩዘው ስለሆነ ያ ሰንሰለት ይበጠሳል። ተመራማሪው ዱቦስ ግን ኒው ዮርክ ውስጥ በሌላ መንገድ ሄዶ፣ ከአፈር ባክቴሪያ ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገር ማግኘቱን በ1939 አሳወቀ። ስለዚህ «ፔኒሲሊን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ አጋጣሚው ይገዝፋል፤ «አንቲባዮቲክ» ካላችሁ ወደ የማይቀር ይጠጋል። ሁለቱንም ጠይቁና የየትኛውን መልስ እንደጻፋችሁ ግለጹ።

የዘር ውርስ ሕግን ያገኘውን ሜንዴልን ለማይቀርነት ማስረጃ የሚያደርጉም አሉ፤ ሕጉ በ1900 በሦስት ሰዎች እንደገና ብቅ ብሏልና። የሕጉን መገኘት በተመለከተ ልክ ናቸው። ጽሑፉ ግን የታተመው በ1866 ነው፤ 34 ዓመት ሳይስተዋል የቆየ ነገር ጊዜው የማይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ያልተገኘ ነገር ስሙ የትም አለመመዝገቡ ነው፤ የምንቆጥረው የተገኘውን ብቻ ስለሆነ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ «የማይቀር» ያጋድላል።

ውጤታችሁን በአንድ ቃል አትዝጉ። ለኤክስሬይ እንዲህ ይጻፋል፦ ግኝቱ የማይቀር፤ ጊዜው በጥቂት ዓመታት ሊፈናቀል የሚችል፤ ሰውየው አጋጣሚ።